ሳይሄዱ የሚልኩን ጋሽ ካርታ

ይህችን ዓለም የሚያዞሯት ተጓዦች ናቸው ያለ ሰው ካለ ተሳስቷል። ተጓዥማ ምን ያደርጋል? ሻንጣውን አንጠልጥሎ ይሄዳል፣ ደክሞት ይመለሳል። ዓለምን የሚያዞሯት ላኪዎች ናቸው። በየሰፈሩ፣ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየዘመዱ መሃል አንድ ላኪ አይጠፋም። እሱ ራሱ ከከተማው ጫፍ አልፎ አያውቅም፤ እናንተን ግን በየወቅቱ የሚልክበት ቦታ አያጣም። የዓመት ፈቃድ ወሰድኩ ብላችሁ በአጠገቡ ከተነፈሳችሁ አለቀላችሁ። እናንተ ያማራችሁ ቤታችሁ ተጋድማችሁ ጣሪያ ማየት ነው፤ እሱ ግን ገና ቃላችሁን ሳትጨርሱ በረሃ አሻግሯችሁ፣ ተራራ አስወጥቷችሁ፣ ባህር ዳርቻ ላይ ጫማችሁን አስወልቋችኋል።

የእኛ ሕንፃ ላኪ ጋሽ ካርታ ናቸው። ትክክለኛ ስማቸውን የሚያውቀው የመብራት ቆጣሪ አንባቢው ብቻ ነው ይባላል። በሙሉ ማዕረጋቸው ይጠሩ ከተባለ፣ የበጋና የክረምት የበላይ ጠባቂ፣ የተራሮችና የሸለቆዎች ባለሙሉ ሥልጣን ተወካይ፣ የባህር ማዶ ጉዳዮች ልዩ አማካሪ፣ ክቡር ጋሽ ካርታ ናቸው። ይህን ሁሉ ኃላፊነት የሚወጡት ከሥራ መልስ፣ ምድር ቤት ካለችው አንድ ክፍል ቤታቸው ደጃፍ ላይ፣ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጠው ነው። ቁመታቸው አጠር፣ ድምፃቸው ወፈር ያለ ነው። በጋ ከክረምት አዳኞችና ፎቶ አንሺዎች የሚለብሱትን ዓይነት ኪሰ ብዙ ሰደርያ ይለብሳሉ። ኪሶቹ ሁሌም እንዳበጡ ናቸው። ውስጣቸው ምን እንዳለ ግን ማንም ጠይቆ አያውቅም፤ ኮምፓስ፣ ገመድ፣ ቢላዋ፣ የሆነ የመንገደኛ ዕቃ ይሆናል ብለን ነው የተቀመጥነው።

እንጀራቸው ማተሚያ ቤት ነው፣ ጥራዝ ክፍል። ማተሚያ ቤቱ ዓመት በመጣ ቁጥር የግድግዳ የቀን መቁጠሪያ ያትማል፤ በየወሩ አንድ አንድ የመልክዓ ምድር ፎቶ ያለበት። ከዚያ የሚተርፈውን ወረቀት ጋሽ ካርታ ለቅመው ወደ ቤታቸው ያመጣሉ። ግድግዳቸው አይታይም። አልጋቸው በረዶ ከለበሰ ተራራ ሥር ነው፣ ምድጃቸው በረሃ መሃል ነው፣ ፊታቸውን የሚታጠቡት ውቅያኖስ አጠገብ ነው። እንግዳ ሲመጣ እንደ አየሩ ሁኔታ ያስቀምጡታል። አንድ ቀን ላብ አጥምቆኝ ብገባ «ና፣ ና፣ እዚህ በረዶው ጋ ተቀመጥ» አሉኝ። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ቀዘቀዘኝ።

ጋሽ ካርታ ሁለት ንግግር አላቸው። አንደኛው «በዚህ ወቅት ሰው ቤቱ ይቀመጣል እንዴ?» የሚለው ነው። ይህን በክረምትም ይላሉ፣ በበጋም ይላሉ፣ በመካከል ባሉት ወራትም ይላሉ። በእሳቸው የዘመን አቆጣጠር ሰው ቤቱ የሚቀመጥበት ወቅት የለም። ሁለተኛው «ዓይንህን ጨፍነህ ሂድ» ነው። አገር ለማየት የሚሄድን ሰው ዓይንህን ጨፍነህ ሂድ የሚሉ እሳቸው ብቻ ናቸው።

ሁለተኛ ፎቅ ያለችውን ፋርማሲስት ውሰዱ። ፈቃዷን ወስዳ እህቷ ቤት ልትሰነብት ነበር ሐሳቧ። ጋሽ ካርታ ደረጃ ላይ አገኟት። ወቅቱ ክረምት ነው፣ ሰማዩ እንደተቀደደ ነው። ጫካ የሚታየው ሲዘንብ ነው፣ ደረቅ ጫካማ የእንጨት መጋዘን ነው አሏት። የተማረች ሴት ናት፤ እንዴት እሺ እንዳለች ግን እስከ ዛሬ አይገባትም። ስትመለስ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነበረች፣ አንድ ጫማዋን ረግረግ አስቀርቶባታል። ዝናቡ አንድ ቀን እንኳ አላባራም ብላ ልትጮህባቸው ስትዘጋጅ፣ ጋሽ ካርታ ፊታቸው በርቶ እጇን ጨበጡና እንዴት ያለሽ ዕድለኛ ነሽ፣ ለሌላው ሰው እኮ አንዳንዴ ያባራል አሏት። ለአንድ ወር ያህል ሰላምታ ነሥታቸው ነበር። አሁን ግን መድኃኒት ቤቷ ውስጥ፣ ከመድኃኒቶቹ በላይ፣ የዚያ ጫካ ፎቶ ተሰቅሏል።

አራተኛ ፎቅ ያሉት ሙሽሮች ደግሞ ባህር ማዶ ሄደው፣ ትልቅ ከተማ ውስጥ እየተዘዋወሩ የሱቅ መስኮት ሊያዩ ነበር። ጋሽ ካርታ ይህን ሲሰሙ እንደ ታመመ ሰው ደረታቸውን ያዙ። መስኮት ለማየት ባህር ይሻገራል ወይ ብለው ሙሽራውን ገሠጹት። የብርድ ወራት ስለነበሩ ወደ በረሃ ላኳቸው፤ በረሃ በሙቀት ወራት የሚሄደው ያልተመከረ ሰው ነው ብለው። ሙሽራው አፍንጫው ተልጦ መጣ። ሲሄዱ መንገዱን ሙሉ ተጣልተው ነበር አሉ። ሙሽሪት ግን ሌሊቱን አሸዋ ላይ በጀርባቸው ተኝተው ያዩትን ከዋክብት አውርታ አትጠግብም፤ እሷ ስታወራ ባልየው አፍንጫውን እየነካ ራሱን ይነቀንቃል።

እኔም አልቀረልኝም። እኔንና ባለቤቴን በበጋው አጋማሽ ፏፏቴ እንድናይ ላኩን። ደርሰን ቀና ብንል አንድ ትልቅ ገደል አለ፤ ከአናቱ እንደተረሳ ቧንቧ ጠብ ጠብ የሚል ነገር አለ። ሌላ ምንም የለም። ባለቤቴ ለረጅም ጊዜ አየችው፣ ከዚያ እኔን ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ተመልሰን ነገሩን ለጋሽ ካርታ ስናስረዳ ቅንድባቸው እንኳ አልተነቃነቀም። ታዲያ ድንጋዩን አላያችሁትም ወይ አሉን። በክረምት የሚሄደው ሕዝብ ሁሉ ውሃ እየጋረደው ድንጋዩን ሳያይ ነው የሚመለሰው አሉ። ባለቤቴ ማታ ላይ፣ እራት እያቀረበች፣ «ድንጋዩ ግን እውነትም ደስ ይል ነበር» አለች።

ከዚህ ሁሉ እንደምትረዱት ጋሽ ካርታ አይሸነፉም። ተሳስቻለሁ የሚለው ቃል አፋቸው ውስጥ የለም። ቦታው እሳቸው እንዳሉት ካልሆነ ጥፋቱ የቦታው ነው። ጥፋቱ የቦታው ካልሆነ የወቅቱ ነው። ከዚያም ካለፈ እናንተ በደንብ አላያችሁም። አንድ ጊዜ የሰፈራችን ፀጉር አስተካካይ፣ ምላጩን እየሳለ፣ ሁላችንም በሆዳችን የያዝነውን ጥያቄ አወጣው። ለመሆኑ እርስዎ መቼ ነው የሚሄዱት አላቸው። ጋሽ ካርታ በመስተዋቱ ውስጥ በሐዘኔታ አዩትና «እኔ ከሄድኩ እናንተን ማን ይልካችኋል?» አሉት።

እንዲህ ያሉ ሰው ናቸው። እንግዲህ አባቴ እኛ ጋ የመጣው እኚህ ሰው ምድር ቤት ባሉበት ሕንፃ ውስጥ ነው።

አባቴ የጂኦግራፊ መምህር ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ሐይቅና ተራራ፣ ወንዝና ሜዳ ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ ወጣ። ጡረታ ሲወጣ ከእናቴ ጋር ሆነው ያስተማረውን ሁሉ በዓይናቸው ሊያዩ ተማምለው ነበር፤ አስተምሮት እንጂ አይቶት አያውቅምና። እናቴ ግን ቀደመችው። ከቀብሯ በኋላ ብቻውን አይሆንም ብለን ወደ እኛ፣ ሦስተኛ ፎቅ አመጣነው። መስኮቱ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ መጋረጃውን ዘጋ፣ አልተነሳም። ምግብ ሲቀርብለት ይቀምሳል፣ ሲያናግሩት ራሱን ይነቀንቃል። ሐኪሙ መጥቶ አይቶት፣ ልቡ ደህና ነው፣ ሳንባው ደህና ነው፣ ግን ካልተራመደ እግሩ እዚያው ይቀራል አለን። እኔን ወደ ኮሪደሩ ወስዶኝ ደግሞ ድምፁን ቀነስ አድርጎ፣ ወንበር ላይ የሚያልቅ ሰው አይቻለሁ፣ እንዲህ ነው የሚጀምረው አለኝ።

ለመንነው። እህቴ ሩቅ ካለችበት በስልክ አለቀሰችበት። ባለቤቴ የቤቱ አየር ተበላሽቷል እያለች በሰበብ ልታስወጣው ሞከረች። ለሁላችንም መልሱ አንድ ነበር። «የት ልሂድ?» ይለናል፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ። ጥያቄው ደግሞ መልስ አልነበረውም፤ ሊሄድበት የሚፈልገው ቦታ እናቴ ያለችበት ብቻ እንደሆነ እናውቅ ነበር። እኔ በዚያ ሰሞን በጣም ፈርቼ ነበር። ጠዋት ከክፍሉ የሳሉን ድምፅ እስክሰማ ድረስ ከአልጋዬ መውረድ ያቅተኝ ነበር።

አንድ ቀን ከሥራ ስገባ በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ካርታ ናቸው። «የት ልሂድ የሚል ሰው እዚህ ቤት አለ ሲባል ሰማሁ» አሉኝ። ዕድሜ ልካቸውን ሲጠብቁት የኖሩት ጥያቄ በመጨረሻ ተጠይቋል። በሩን መዝጋት ሁሉ አስቤ ነበር፤ ሰደርያቸው ግን ቀድሟቸው ገብቷል።

የመጀመሪያው ቀን አልተሳካም። ጋሽ ካርታ አባቴ ፊት ተቀምጠው የባህሩን ነፋስ ነገሩት። አባቴ መጋረጃውን ያያል። በማግስቱ መጥተው ሜዳው በዚህ ወር አበባ እንደሚለብስ ነገሩት። አባቴ እጁን ያያል። ሌላ ቀን ደግሞ ባህር ማዶ ወሰዱት፤ ቅጠሉ ሁሉ ቀይ ሆኖ የሚረግፍበትን አገር፣ ሌሊት የማይመሽበትን አገር ሁሉ አንድ በአንድ አዞሩት። አባቴ በጨዋነት አመሰገናቸው፤ ከዚያ የት ልሂድ የሚለውን እንኳ ሳይላቸው ዓይኑን ጨፈነ። ጋሽ ካርታ ሲወጡ በሩ ላይ ቆም ብለው ለረጅም ጊዜ አዩት።

ለትንሽ ቀናት ጠፉ። ተስፋ ቆረጡ ስንል አንድ ወረቀት ጠቅልለው መጡ። ከቀን መቁጠሪያ የተቆረጠ ፎቶ ነው፤ አንድ ትልቅ ተራራ አለ፣ አጠገቡ ሐይቅ አለ። ተራራው ወደ ውሃው ያዘመመ ስለሆነ ዘንባላው ተራራ ነው የሚባለው፤ የአገራችን ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው ነው፣ ከከተማችንም የጠዋት አውቶቡስ ተነስቶ የሚደርስበት። ከወረቀቱ ታች አንዱ ጥግ በመቀስ ተቆርጧል። እርጥበት በልቶት ነው አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

ጋሽ ካርታ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ጀመሩ። ከከተማ የሚመጣው መንገድ ጉብታው ላይ ያልቃል አሉ። እዚያ ቆመው ፊት ለፊት ሲያዩ ተራራው በስተቀኝ፣ ሐይቁ በስተግራ ነው አሉ። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ ነው የምሰማው። ባለቤቴ ብርጭቆ እያጠበች ነው።

«ተራራውማ በስተግራ ነው» የሚል ድምፅ ሰማን።

ባለቤቴ የውሃውን ቧንቧ ዘጋችው።

«ምን አሉኝ፣ መምህር?» አሉ ጋሽ ካርታ።

«ተራራው በስተግራ ነው፣ ሐይቁ በስተቀኝ። መንገዱ ከደቡብ ነው የሚመጣው፣ ሐይቁ ከተራራው በስተምሥራቅ ነው። ከደቡብ ለሚመጣ ሰው ምሥራቅ በየት በኩል ነው?»

«እሱን አላውቅም» አሉ ጋሽ ካርታ፣ ወንበራቸው ላይ ተደላድለው። «ፎቶ ግን አይዋሽም።»

አባቴ የወንበሩን እጀታ ይዞ ተነሳ። ተነሳና ግድግዳውን እየተደገፈ ወደ ክፍሉ ሄደ፤ ከአልጋው ሥር የመጻሕፍቱን ካርቶን ስቦ አትላሱን ይዞ መጣ። ያን ምሽት ሁለቱ ሰዎች፣ አንዳቸውም በዓይናቸው ያላዩትን ሐይቅ በግራና በቀኝ ሲጎትቱት አመሹ። ጋሽ ካርታ አትላሱን በጣታቸው ወደ ጎን ገፋ አደረጉት። ካርታ የሚሥለው ቢሮ የተቀመጠ ሰው ነው፣ ፎቶ ያነሳው ግን እዚያው የቆመ ሰው ነው አሉ። አባቴ ፊቱ ቀላ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ሲናደድ ያየሁት ያን ዕለት ነው፣ ደስ አለኝ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ከቤት ወጣ። ጋሽ ካርታ መምጣት ተዉ። የሚፈልገኝ ሰው ምድር ቤት ነኝ አሉ። አባቴ አንድ ቀን ታገሠ፣ በሁለተኛው ቀን አትላሱን በብብቱ አድርጎ ደረጃውን ወረደ። እኔ ከላይ ሆኜ ትንፋሼን ይዤ ኮቴውን እሰማለሁ። በየፎቁ እያረፈ ወረደ። ሲመለስ ላቡ በግንባሩ ይወርዳል፤ ሰውየው ደንቆሮ ነው አለንና እራቱን ጨርሶ በላ።

ክርክሩ ፀጉር አስተካካዩ ቤት ደረሰ። ጋሽ ካርታ በሕዝብ ፊት ፎቶዬ፣ ፎቶዬ እያሉ ድርቅ አሉ። ሕዝቡ ለአባቴ ወገነ፤ ፀጉር አስተካካዩ ሳይቀር የተማረ ሰው ሲናገር ማዳመጥ ነው እያለ አፌዘባቸው። እሳቸው ግን ወይ ፍንክች። አባቴ ማስረጃ ፍለጋ መጽሐፍ ቤት ሄደ፤ ከዚያ በዋናው መንገድ ዞሮ ሌላ መጽሐፍ ቤት ሄደ። ወንበሩ ባዶውን ይውል ጀመር። ባለቤቴ መጋረጃውን ከፈተችው፣ የሚዘጋው ሰው አልነበረም።

በመጨረሻ ነገሩን የቆረጠው አባቴ ነው። ሄዶ ማየት ነው አለ። ጋሽ ካርታ እርስዎ ይሂዱና አይተው ይምጡ ሲሉት፣ አባቴ ሳቀ። ብቻዬን ሄጄ ብመለስ ዓይንህ ነው የተሳሳተው ትለኛለህ፣ አብረን ነው የምንሄደው አላቸው። በዚህ ጊዜ የጋሽ ካርታ ፊት አመድ መሰለ። የተሸነፉ መሆናቸውን አሁን አወቁት ብዬ በሆዴ ሳቅኩ። ከዚያ ደረታቸውን ነፉና «በዚህ ወቅት ሰው ቤቱ ይቀመጣል እንዴ?» አሉ፤ ድምፃቸው ግን ቀጠን ብሎ ነበር።

ሦስታችን በጠዋቱ አውቶቡስ ተሳፈርን። አባቴ መስኮት ጋ፣ ጋሽ ካርታ መሃል፣ እኔ ዳር። የከተማውን የመጨረሻ ማደያ እንዳለፍን የእነዚያ ኪሶች ምሥጢር ወጣ። ከአንዱ ኪስ ሎሚ፣ ከሌላው ፌስታል፣ ከሌላው ሌላ ፌስታል፣ ከሌላው መሐረብ፣ ከደረታቸው ኪስ ደግሞ ሌላ ሎሚ። የአራቱ ወቅቶች ጠባቂ፣ የባህር ማዶ ጉዳዮች አማካሪ፣ መኪና የሚያማቸው ሰው ነበሩ። ያውም እንደ ሌላው ሰው ማጥወልወል ብቻ አይደለም፤ ፊታቸው አረንጓዴ ሆኖ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ፌስታሉን ታቅፈው። ረዳቱ መጥቶ አያቸውና ሳይናገር ተጨማሪ ፌስታል አቀበለኝ።

ለካ በወጣትነታቸው ብዙ ጊዜ ሞክረዋል። በሞከሩ ቁጥር የመጀመሪያው ፌርማታ ላይ ወርደው በእግራቸው ተመልሰዋል። «ሆዴ አገር ወዳድ ነው» አሉን፣ ትንፋሽ ባገኙ ጊዜ። «እኔ ልሂድ ስል እሱ አልሄድም ይላል።» አስቤው የማላውቀው ነገር ነበር። ሰው ሁሉ የእሳቸው አለመሄድ ስንፍና ወይም ቁጠባ ይመስለው ነበር፤ እኚህ ሰው ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ መስኮት ላይ አፍንጫቸውን ለጥፈው የኖሩ ሰው ናቸው።

አባቴ መጀመሪያ ሰውየውን አየ፣ ከዚያ እጅጌውን ሰበሰበ። ሎሚውን በጥርሱ ቀዶ አፍንጫቸው ሥር ያዘላቸው። ግንባራቸውን ጠረገላቸው። መስኮቱን ከፍቶ ነፋሱ ወደ እሳቸው እንዲመጣ ወንበር ለወጠላቸው። እኛ ቤት ውሃ እንኳ ቀድቶ ለመጠጣት እጁ የማይነሳ ሰው ነበር። ጋሽ ካርታ ደግሞ በዚያ ሁኔታቸው አላረፉም። ዓይናቸውን እንደ ጨፈኑ፣ አሁን በስተቀኝ ሸለቆ ያልፋል ይላሉ። አባቴ እሱ ሸለቆ አይባልም፣ ገደል ነው የሚባለው ይላቸዋል። ትንሽ ቆይተው ደግሞ አሁን ጥድ መጣ ይላሉ፣ አባቴ ባህር ዛፍ ነው ይላቸዋል። መንገዱ እንዲህ አለቀ።

አውቶቡሱ ካወረደን ቦታ እስከ ጉብታው ድረስ በእግር ዳገት ነው። እኔ የሰጋሁት ለአባቴ እግር ነበር። እሱ ግን ቀደመን፤ እየቆመ፣ እየተነፈሰ፣ እኛን እየጠራ። ጋሽ ካርታ እንደ አራስ በእኔ ክንድ ተደግፈው ይከተላሉ። አናቱ ላይ ስንደርስ አባቴ ጀርባውን ሰጥቶን ቆሟል። ሐይቁ ቁልቁል ተዘርግቷል፣ ተራራው ወደ ውሃው አዘምሟል። አባቴ ክፍል ውስጥ እንዳለ ሰው እጁን በቀስታ አነሳ።

«ተራራው» አለ። «በስተግራ።»

እውነት ነው፣ በስተግራ ነበር። ሐይቁ በስተቀኝ ነበር። እኔ ጋሽ ካርታን አየኋቸው። ወቅቱን ይወቅሳሉ፣ ወይም ጉብታው ቦታውን ቀይሯል ይላሉ ብዬ እየጠበቅኩ ነበር። እሳቸው ለረጅም ጊዜ አዩ። ግድግዳቸው ላይ የማይንቀሳቀሰው ውሃ እዚህ ይንቀሳቀሳል። ፊታቸው ላይ የነበረው አረንጓዴ ለቀቃቸው፣ ዓይናቸው ውሃ ሞላ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ተሳስቻለሁ፣ መምህር» አሉ።

አባቴ ለክርክር ተዘጋጅቶ ነበርና ግራ ገባው። አያቸው፣ ሐይቁን አየ፣ እንደገና አያቸው። ከዚያ ሳቅ ጀመረው። ሆዱን ይዞ፣ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። «እናትህ ብትኖር ኖሮ» አለኝ፣ ሳቁ መሃል፣ «ለዚህ ውሃ ነው እንዲህ የደከምከው፣ ቤት በባልዲ ነበረልህ እኮ ትለኝ ነበር።» እናቴ ካረፈች በኋላ ስሟን ሲያነሳ የመጀመሪያው ነው። ከዚያ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠና አለቀሰ። ጋሽ ካርታ ከኪሳቸው መሐረብ አውጥተው አጠገቡ ተቀመጡ። እኔ ራቅ ብዬ ቆምኩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አባቴ ይተርፍልኛል ብዬ አሰብኩ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ለእኔም ለአንባቢም ይበቃን ነበር። ግን ስንመለስ ጋሽ ካርታ ባርኔጣቸውን አውቶቡስ ውስጥ ረስተው፣ እኔ አንስቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼው ነበር። በማግስቱ ሥራ ላይ ሳለሁ ትዝ ቢለኝ፣ በምሳ ሰዓት ላደርስላቸው ወደ ማተሚያ ቤቱ ሄድኩ። ለምሳ ወጥተዋል። መቁረጫ ማሽኑን የምትሠራ ሴትዮ ተቀመጥ፣ ይመጣል አለችኝ፤ የወረቀት እሽግ ላይ ተቀመጥኩ። ጊዜ ለማሳለፍ ያህል ጋሽ ካርታ እንዴት እንደተሸነፉ አወራኋት። ስለ ዘንባላው ተራራ ስነግራት ሥራዋን አቆመች።

«እሱ ተሳሳተ? በዚያ ሥዕል?» አለች። ሄዳ ከማሸጊያ ወረቀቶች መሃል አንድ ትልቅ ሉህ ስባ አመጣች። ተራራው በስተቀኝ፣ ሐይቁ በስተግራ። እኛ ቤት ያለው ፎቶ ነው፣ ጥጉ ግን አልተቆረጠም። ጥጉ ላይ አንዲት ጀልባ አለች፣ የጀልባዋ ቁጥር ወደ ኋላ ተጽፏል። «ፊልሙ ተገልብጦ ገብቶ የተበላሸው ነው ይሄ። ማን ያየው መሰለህ? እሱ ነው እንጂ። ጀልባዋን እዩአት፣ ቁጥሯ ወደ ኋላ ነው የሚነበበው እያለ ሮጦ መጥቶ ማሽኑን አስቆመ። አስተካክለን እንደገና አተምን።» በጣቷ ግድግዳውን አሳየችኝ። እዚያ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ላይ ተራራው በስተግራ ነበር።

ባርኔጣውን ይዤ ብዙ ተቀመጥኩ። ለሌላው ሰው መሸነፍ የአንድ ቀን ውርደት ነው። ለላኪ ግን ያለው ንብረት ትክክለኛነቱ ነው፤ ሌላ ሀብት የለውም። እኚህ ሰው አባቴ ትክክል እንደሆነ ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ እያወቁ፣ ጀልባዋን በመቀስ ቆርጠው፣ ፀጉር አስተካካዩ ቤት ሕዝብ እየሳቀባቸው፣ ያን ሆዳቸውን ተሸክመው፣ ተሳስተሃል ለመባል ዳገት ወጡ። በአፋቸው የሌለውን ቃል ከየት እንዳመጡት አላውቅም። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ጋሽ ካርታን እወዳቸዋለሁ፤ ማንም ፊት ቢሆን እላለሁ፣ ፏፏቴውንም ይቅር ብያቸዋለሁ።

ከምሳ ሳይመለሱ ወጣሁና ማታ ቤታቸው ሄድኩ። በረዶው ሥር ተቀምጠዋል። ባርኔጣውን ሰጥቻቸው «ጋሼ፣ ያውቁ ነበር» አልኳቸው። ወደ በሩ አዩና ድምፅህን ዝቅ አድርግ የሚል ምልክት በእጃቸው አሳዩኝ።

«ትክክለኛውን ነገር ስነግራቸው አልሰሙኝም» አሉ። «ባህሩን ነገርኳቸው፣ ሜዳውን ነገርኳቸው፣ ዝም። ዕድሜ ልኩን ያስተማረ ሰው ልክ ለሆነ ተማሪ ምን ይለዋል? የተሳሳተ ሲያገኝ ግን መቀመጥ አይችልም።»

ሆድዎስ አልኳቸው። ስለ ሆዳቸው መነጋገር አልፈለጉም። አንድ ቀን አባባ ቢያውቅስ አልኳቸው፤ እንዴት ያውቃል፣ አንተ ካልነገርክ አሉኝ። አልነግርም አልኩ። ከዚያ እግዜር ይስጥልኝ ማለት ብቻውን አንሶብኝ እጃቸውን ልስም ጎንበስ ስል፣ ከላይ የደረጃው በር ሲከፈት ሰማን። የአባቴ ኮቴ ነው። በየፎቁ ማረፍ ትቷል፤ እየፈጠነ ይወርዳል።

ጋሽ ካርታ ተነስተው ሰደርያቸውን አስተካከሉ።

«ለበጋው ሌላ ስህተት አዘጋጅቼላቸዋለሁ» አሉኝ፣ በሙሉ ልብ። «በምዕራቡ የባህር ጠረፍ ላይ ፀሐይ የምትወጣው ከውሃው ውስጥ ነው ልላቸው ነው። አንተ እንዳትስቅ።»

ጉሮሯቸውን ጠርገው በሩን ከፈቱ።